የዓይን ቆብና የቅንድብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ፦ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ስድስተኛው ወር

አክስቴ በላይኛው የዓይን ቆቧ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ ለማስወገድ ስትወስን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም። «ለመሆኑ ከስንት ቀን በኋላ ነው ሰው ፊት የምወጣው?» ነው ያለችኝ። በዓይን ክፍል ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ያልጠየቀኝ ታካሚ ጥቂት ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ለመውጣት ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ሠርግ ላይ ለመታየት ስድስት ሳምንት ያህል፣ «እንግዲህ አዲሱ ፊቴ ይህ ነው» ለማለት ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ወር። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ማን አብሮኝ ያድራል?

በአገራችን «የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የትራኮማውን ነው፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን የሚቧጭረውን ሽፋሽፍት ወደ ውጭ የሚመልሰውን። እዚህ የምናወራው ስለዚያ አይደለም። ለመልክ የሚደረገው ሕክምና ከላይኛው ቆብ ትርፍ ቆዳን፣ አንዳንዴም ጥቂት ጡንቻና ስብን ያነሣል፤ ከታችኛው ቆብ ደግሞ ቦርሳ የሠራውን ስብ ያወጣል ወይም ቦታውን ያስተካክላል። የወረደ ቅንድብን ወደ ላይ መስቀልም ከዚሁ ጋር ወይም ለብቻው ይሠራል። ስለዚህ «እኔም ተሠርቼ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማሳዬ ገባሁ» የሚል ጎረቤት ቢመክርዎ ምክሩን በአክብሮት ሰምተው ይተዉት።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቢረሱ ሦስት ጥያቄዎችን አይርሱ። የሚያሳስብ ነገር ባዩ ቁጥር ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ አንድ ዓይን ነው ወይስ ሁለቱም? እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ? እይታዬ እንደ ትናንቱ ነው? ሁለቱም ዓይኖች ቢያብጡ፣ እብጠቱም ከቀን ወደ ቀን ቢቀንስ፣ እይታም ደህና ከሆነ፣ የሚያስፈራ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋት አይደለም። አንዱ ብቻ ሲብስና ሕመሙ እየጨመረ ሲሄድ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም።

አንድ፦ ከሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት ቤቱን ያሰናዱ

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ችግር ግማሹ የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ «ይህ እንኳ መድኃኒት አይባልም» የሚሉትን ጨምሮ፣ ጽፈው ለሐኪምዎ ይስጡ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች የደምን መርጋት ያዘገያሉ፤ የዓሣ ዘይት እንክብልም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ በመጠኑ ቢበሉ ችግር የለውም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ በየጠዋቱ በማር እየወቀጡ መዋጡን ግን ለጊዜው ያቁሙት። ለልብ ወይም ለደም መርጋት ችግር የታዘዘ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ ሥልጣን አያቋርጡ። ያዘዘልዎት ሐኪምና ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑ።

የዓይን ድርቀት፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ መነጽር ለመተው ብለው በጨረር የተሠሩም ከሆነ፣ አይደብቁ። በተለይ ድርቀት ያለበት ዓይን ቆዳው ሲቀነስ ይበልጥ ይደርቃል። ሲጋራና ሺሻ የቁስልን መዳን ያጓትታሉ፤ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት መተው፣ ከዚያም በኋላ ለአራት ሳምንት አለመመለስ ነው የሚበጀው።

ቤት ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሁለት ወይም ሦስት ትራስ። ንጹሕ ጎዝ። ሐኪሙ ያዘዘው ጠብታና ቅባት፤ አስቀድሞ የተገዛ፣ ምክንያቱም ፊትዎ አብጦ በየፋርማሲው መዞር አያምርም። ፓራሲታሞል። ፊት ለፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ወይም ጋቢ፤ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ስፌቱን ይጎትታል። ለማቀዝቀዣ የሚሆን ነገር ደግሞ እንዲህ ያዘጋጁ፦ በትናንሽ የላስቲክ ከረጢቶች ምስር ወይም ሩዝ ሞልተው፣ አፋቸውን አሥረው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ከበረዶ ድንጋይ ይልቅ ለዓይን ቅርጽ ይመቻሉ፤ ክብደትም የላቸውም። መብራት ቢጠፋስ? በረዶ ሞልተው የከደኑት ፔርሙዝ እስከ ማግስቱ ያቆየዋል።

የፊትዎን ፎቶግራፍ ከፊትና ከሁለቱም ጎን፣ በቀን ብርሃን፣ ሳይስቁ ይነሡ። ለምን እንደሚያስፈልግ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ሁለት፦ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ማደንዘዣው ሲለቅ የሚሰማው ነገር ከሹል ሕመም ይልቅ መወጠርና ማቃጠል ነው። ለዚህ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አዋቂ ሰው አንድ ወይም ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የጉበት ሕመም ካለብዎ መጠኑን ሐኪምዎ ይንገርዎ። ፓራሲታሞሉ ሕመሙን ካልነካው፣ ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ ከመፈለግዎ በፊት ሕመሙ ለምን እንዲህ ጠና ብለው ይጠይቁ።

ራስዎን ከፍ አድርገው፣ በጀርባዎ ይተኙ። በጎን መተኛት የታችኛውን ጎን ያሳብጣል። የማቀዝቀዣ ከረጢቱን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያኑሩ፣ ያሳርፉ፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ይድገሙት። ይህን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያድርጉ። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማሳረፍ አይገባም፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ነው፣ ደንዝዞ ሳለ በቅዝቃዜ ቢጎዳ እንኳ አይሰማዎትም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የዚህ ሕክምና አስፈሪ አደጋ አንድ ነው፦ ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም መፍሰስ። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ከሺዎች በአንዱ የሚገጥም። ሲከሰት ግን ደሙ መውጫ አጥቶ የዓይንን ነርቭ ያንቃል፣ ነርቩም ያለ በቂ ደም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ነው የሚታገሠው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። አብሮዎ የሚያድር ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ሻይ ለማፍላት አይደለም።

ያ ሰው ምን ያድርግ? እርስዎ ነቅተው እያሉ በየሰዓቱ፣ ሌሊት ደግሞ ለመድኃኒት ወይም ለሽንት በነቁ ቁጥር፣ አንዱን ዓይን በእጅ ሳይጫን ከልሎ በሌላው ያስነብብዎ። ግድግዳ ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ቀጥሎ ተራውን ይለውጥ። ቅባት ያለበት ዓይን ጭጋግ ይመስለዋል፤ ብልጭ ድርግም ሲያደርጉት ለቅጽበት ከጠራ የቅባት ነው። ቢያርገበግቡትም የማይጠራ፣ ቀለም የሚያደበዝዝ፣ ጥላ የጋረደው የሚመስል እይታ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአደጋው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ዓይን የሚጨምርና በማስታገሻ የማይታገሥ ሕመም፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት፣ ዓይኑ ወደ ፊት የተገፋ መምሰሉ፣ እይታ መቀነስ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከዚሁ ጋር ማቅለሽለሽና ማስታወክ። ይህን ካዩ ለሐኪሙ እየደወሉ ይንቀሳቀሱ፤ ስልኩ እስኪነሣ ቁጭ ብለው አይጠብቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ ዱባይና አቡ ዳቢ 998። ከሁሉም የሚሻለው የዓይን ሐኪም ያለበት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ አዲስ አበባ ላሉ ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። በር ላይ ሲደርሱ ታሪክዎን ከመጀመሪያው አይተርኩ። «ዛሬ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፣ የአንዱ ዓይኔ እይታ እየቀነሰ ነው» ይበሉ። ስፌቱን ከፍቶ ደሙን ማስተንፈስ፣ የቆቡን ጥግ ቆርጦ ግፊቱን መቀነስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እስከዚያው ዓይኑን በፋሻ አጥብቀው አይሰሩ።

ደም እንዳይፈስ የሚረዳው ደግሞ ግፊትን አለመጨመር ነው። አያጎንብሱ፣ ከባድ አያንሡ፣ ለመጸዳዳት አያምጡ። ይህን የመጨረሻውን ሰዎች ያፍሩበታል፤ ጠንካራ ማስታገሻና መተኛት ሆድ ያደርቃሉ፣ በማማጥ ጊዜም የፊት ደም ሥሮች ይወጠራሉ። ውኃ ይጠጡ፣ ፓፓያ ይብሉ። የደም ግፊት መድኃኒትዎንም «ዛሬ ደክሞኛል» ብለው አይዝለሉ።

ሦስት፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን፣ መስተዋት የሚጠላበት ጊዜ

እብጠቱ ጣሪያ የሚነካው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት ዓይን አልገለጥ ይላል። የበለዘው ወደ ጉንጭ፣ አንዳንዴም እስከ አገጭ ይወርዳል፤ ደም ወደ ታች መሳቡ እንጂ አዲስ ጉዳት አይደለም። ቀይ ሮዝ የቀላቀለ እንባ ጥቂት ጠብ ቢል አይደንግጡ። አክስቴ በሦስተኛው ቀን መስተዋት አይታ «እንዲህ ሊያደርጉኝ ኖሯል ገንዘቤን የከፈልሁት!» ብላ ለአንድ ሰዓት አላነጋገረችንም። ማልቀስ ግን አልፈቀድንላትም፤ እንባ ዓይንን ያቀላል፣ ጨርቅ ያስነሣል፣ ጨርቅ ደግሞ ስፌት ይነካል።

ጽዳቱ እንዲህ ነው፦

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ረዳትዎም እንዲሁ።
2. ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ወይም ከፋርማሲ በተገዛ የጨው ውኃ ንጹሕ ጎዝ ያርጥቡ።
3. ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ፣ ሳይጫኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥረጉ። ለሌላው ዓይን አዲስ ጎዝ።
4. የደረቀ ቅርፊትን በጥፍር አይላጡ። አርጥበው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት፤ ራሱ ይለቃል።
5. የታዘዘውን ቅባት በስሱ ስፌቱ ላይ ያድርጉ።
6. ጠብታ ሲጨምሩ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች አይጎትቱት፣ በተለይ እርሱ ከተሠራ። ቀና ብለው፣ ወደ ላይ እያዩ፣ የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍቱን ሳይነካ ይጨምሩ።

የታዘዘውን ማለቴን ያስተውሉ። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አይጠፋም፤ ዘመዱ ለሌላ ሕመም ተሰጥቶት የተረፈ፣ መቼ እንደተከፈተ የማይታወቅ። አይጠቀሙበት። ስቴሮይድ (እብጠትና ቅላት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለባቸው ጠብታዎችም ያለ ክትትል የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ «ለዓይን ቅላት ፍቱን ነው» ብሎ የሚያቀብል ሰው ግላኮማም አብሮ ሊያቀብል ይችላል። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ አንዳቸውም ቁስሉ አጠገብ አይድረሱ። ጠበል የሚጠመቁ ቢሆን ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ እስኪዘጋ ፊትዎ እንዳይረጥብ ያድርጉ።

ሌላው የእኛ አገር ፈተና ጠያቂ ነው። ሰው ታመመ ሲባል አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ጠያቂም በመጣ ቁጥር ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጤሳል። ቁስሉ ገና ያልገጠመ ዓይን ባለበት ቤት ጭስ መርዝ ነው። አክስቴ ቤት የወሰድነው መፍትሔ ቡናውን በረንዳ ላይ አድርጎ ታማሚዋን መኝታ ቤት ማስቀመጥ ነበር፤ ወሬው በመስኮት ይደርሳት ነበር፣ ጭሱ አይደርስም። ሽንኩርት መክተፍ፣ በርበሬ ማመስ፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ማለትም ለሁለት ሳምንት የሌላ ሰው ሥራ ይሁን።

አራት፦ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን

ከዚህ በኋላ እብጠቱ በየጠዋቱ መቀነስ አለበት። የበለዘው ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ጥቁረት ብቻ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል በቀለሙ ሳይሆን በመጠኑ ይለኩት። ክሩ ራሱ የሚሟሟ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ይወጣል። ቀጠሮውን አያሳልፉ፤ ክር ሲቆይ በክሩ መተላለፊያ ነጫጭ ጤፍ የሚያካክሉ ፍሬዎች ይበቅላሉ። ቢበቅሉም ጉዳት የላቸውም፤ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ያወጣቸዋል፤ እርስዎ በጥፍር አይደለም።

የዓይን ቆብ ደም በደንብ ስለሚደርሰው ኢንፌክሽን ብዙም አይገጥመውም። ከገጠመ የሚታየው በእነዚህ ቀናት ነው፦ ቀንሶ የነበረ እብጠት ተመልሶ ይነሣል፣ ይግላል፣ ይቀላል፣ መግል ይይዛል፣ ትኩሳት ይከተላል። በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ዓይን ሙሉ በሙሉ አለመከደኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠትና የደከመ ጡንቻ ስላለ ጥቂት ክፍተት መኖሩ የተለመደ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይዘጋል። ታማሚው ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጠዋት አሸዋ የገባበት መስሎት ሲነሣ ነው። አብሮዎ ያለ ሰው በእንቅልፍዎ ሰዓት በትንሽ ብርሃን ይመልከት። ነጩ ከታየ፣ ቀን ቀን አርቴፊሻል እንባ በየሁለት ሰዓቱ፣ ማታ ወፈር ያለ የዓይን ቅባት ይደረጋል። እንባ እየፈሰሰ «ደርቋል» ሲባሉ ይገርማል፤ ዓይን የሚያነባው ስለደረቀ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በበጋ ደረቅ፣ ንፋሱ አቧራማ ነው። የሚያሳክክ፣ የሚቀላና ብርሃን መቋቋም ያቃተው ዓይን ከሆነ የብሌኑ ሽፋን ተጎድቶ እንዳይሆን ይታዩ።

አምስት፦ ሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ ሰው መመለስ

ኩል መቼ? ስፌቱ ከወጣ በኋላ ቁስሉ ተዘግቶ፣ ከሕክምናው ከ10 እስከ 14 ቀን ሲያልፍ። የድሮውን ዕቃ ግን ይጣሉት፤ አዲስ ይግዙ። ከገበያ በዱቄት የሚሸጠው ኩል እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል ለማንም ቢሆን አልመክረውም። የዓይን ሌንስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ እስከዚያው መነጽር።

ስፖርት፣ ከአምስት ኪሎ በላይ ሸክም፣ ሕፃን ብድግ ማድረግ፣ ዋና፣ ሳውና፣ ሁሉም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይዘገዩ። ስግደትም እንዲሁ። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ እናቶች አሉ። ግንባርን መሬት ማስነካት ዓይን ላይ የሚፈጥረው ግፊት ከሸክም አያንስም፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ክርስትናም እስልምናም ቦታ አላቸው፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸለያል። ለቅሶ ቤትስ? ከተቻለ በስልክ ያጽናኑ። ካልተቻለ የፀሐይ መነጽር አድርገው ሄደው ቶሎ ይመለሱ።

መኪና መንዳት የሚቻለው ቅባት ቀን መጠቀም ሲያቆሙ፣ እይታዎ ሲጠራና ወደ ጎን ለማየት ሳይቸገሩ ነው። አውሮፕላን ላይ ለመውጣት ቢያንስ ክሩ እስኪወጣ ይጠብቁ፤ የአውሮፕላን አየር ከበጋው ንፋስ የባሰ ደረቅ ነው፣ ጠብታውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

የታችኛው ቆብ ከተሠራ

የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ትዕግሥት ይፈትናል። የዓይን ነጩን የሸፈነው ስስ ልባስ ውኃ ቋጥሮ እንደ እንቁላል ነጭ ወጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ያስፈራል፣ ለሳምንታትም ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጠብታና በቅባት ይመለሳል። ሌላው ቆቡ ወደ ታች መጎተቱ ነው፦ ከብሌኑ በታች ነጩ ይበዛል ወይም ቆቡ ከዓይኑ ይርቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእብጠት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በጣት ወደ ላይ የማሸት ሥራ ሊያዝዝ ይችላል፤ እንዴትና መቼ እንደሚጀመር ግን ከእርሱ አይተው ይማሩ፣ ከቪዲዮ አይደለም። ቁስል ሳይጠግግ ማሸት ያፈርሳል። ከውስጥ በኩል ተቆርጦ የተሠራ ከሆነ በውጭ ስፌት አይኖርም፤ ይህ ማለት ግን ምንም አልተነካም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሌሊት ጥንቃቄ ያው ነው።

ቅንድብ ከተሰቀለ

የቅንድብ ሥራ በተለያየ መንገድ ይሠራል፦ ከፀጉር ውስጥ በሚደረጉ ትናንሽ ቁርጠቶች በካሜራ እየታየ፣ በግንባር ፀጉር መጀመሪያ መስመር ላይ በረጅም ቁርጠት፣ ወይም ከቅንድቡ በላይ በቀጥታ። የትኛው እንደተሠራልዎ ይጠይቁ፤ ማገገሚያው ይለያያልና። በፀጉር ውስጥ ክር ወይም የብረት ማያያዣ ካለ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅንድቡ ከሚፈለገው በላይ ከፍ ብሎ ፊት የተደነቀ ይመስላል። እየወረደ ይስተካከላል። ግንባርና የራስ ቆዳ መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጡት የስሜት ነርቮች ተጎትተዋል ወይም ተነክተዋል። ሲመለሱ ያሳክካሉ፣ እንደ ጉንዳን ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ እንደ መርፌ ይወጋሉ፤ ይህ ወራት ይወስዳል። በጥፍር አይፋቁት፤ የደነዘዘ ቆዳ መቼ እንደተላጠ አይነግርዎትም።

እዚህ ላይ ለሴቶች ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ የደነዘዘን ራስ ያቃጥላል፣ እርስዎም «ሞቀኝ» ለማለት አይችሉም። ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ፀጉርዎ በአየር ይድረቅ። አጥብቆ መሠራት፣ ሹሩባም ሆነ ሌላ፣ ጠባሳውን በየቀኑ ይጎትታል፤ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ልቅ አድርገው ይያዙት። ቅቤ መቀባት ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ይቅር፤ ቀለም መቀባትም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ሐኪሙ ከፈቀደ ከሁለት ቀን በኋላ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሻምፑ መታጠብ ይቻላል፣ ቀና ብለው እንጂ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው አይደለም። በቁርጠቱ ዙሪያ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል፤ አብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይመለሳል።

አንደኛው ቅንድብ ጨርሶ አልነሣ ካለ፣ የሚያነሣው ነርቭ ደክሟል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ ነገር ግን ለሐኪምዎ መንገር ያስፈልጋል እንጂ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም።

ከወር እስከ ስድስት ወር

ጠባሳው በመጀመሪያው ወር ቀልቶና ጠጥሮ ከመቀነስ ይልቅ የባሰ ይመስላል። ለመለስለስ ወራት፣ ሙሉ በሙሉ ለመብሰል ዓመት ያህል ይፈልጋል። የእኛ ቆዳ ላይ የሚያሳስበው መጥቆር ነው፤ ፀሐይ ያከፋዋል፣ በከፍታ ቦታ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) ከ30 በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይጠቀሙ። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ግን አይንኩ። ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የዓይን ቆብ ላይ እምብዛም አይወጣም፤ ግንባርና ከቅንድብ በላይ ግን ይቻላል። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲከተቡ ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ከሕክምናው በፊት ይናገሩ። ጠባሳው ከቁርጠቱ አልፎ መወፈር ከጀመረ ቶሎ ይታዩ፤ በጊዜ ሲያዝ በመርፌ ይለሰልሳል።

አሁን ያ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ሰዎች በሁለተኛው ወር እየመጡ «ግራው ከቀኙ አይመሳሰልም» ይሉኛል። የቀድሞውን ፎቶ ስናወጣ ግራው ዱሮም አይመሳሰልም ነበር፤ ማን ትኩር ብሎ አይቶት? ልዩነቱ እውነት ከሆነ ደግሞ ከሕክምናው በኋላ በየወሩ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ቦታ የተነሡት ፎቶ ለሐኪሙ ማስረጃ ይሆናል። ማስተካከያ ካስፈለገ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ስድስት ወር ይጠብቃሉ፤ እብጠት የሞላበትን ቆብ ዳግመኛ መቁረጥ ቆዳ ያሳጥራል፤ ያጠረ ቆዳ ደግሞ ዓይን አያስከድንም። ይህ አጠባበቅ የዓይን ብሌን አደጋ ላይ ካለ ወይም ቆቡ ወደ ውጭ ከተገለበጠ አይሠራም፤ ያኔ ቀጠሮው ይፋጠናል።

ስለ ስሜትም አንድ ነገር። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ብዙ ሰው ይከፋዋል። እብጠቱ ሄዷል፣ ፊቱ ግን ገና የራሱ አልመሰለውም፣ ዘመዱ ደግሞ «ምነው? ምን ሆነሻል?» ይለዋል። አክስቴ ለእያንዳንዱ «ጨፍኜ ስተኛ አረፍሁ» እያለች ታልፍ ነበር። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ግን ለሐኪም ይነገር፤ እንደ እብጠቱ ሁሉ እርሱም ይታከማል።

ሕክምናውን በሌላ አገር አድርገው ለሚመለሱ ደግሞ፣ ከዚያ ከመውጣትዎ በፊት የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይጠይቁ። የትኛው ቆብ፣ ቆዳ ብቻ ወይስ ስብም፣ ስቡ ወጣ ወይስ ቦታው ተለወጠ፣ ቅንድቡ በምን ተያዘ፣ ክሩ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ፣ የትኛው ጠብታ እስከ መቼ። ችግር ቢገጥምዎ ቦሌ ከደረሱ በኋላ የሚያይዎ ሐኪም ፊትዎን ብቻ አይቶ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ወረቀቱን ስልክዎ ላይ ፎቶ አንሥተው፣ ዋናውን ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡት።